«ፈርምና እንሂድ!»፦ ሹፌሩ ለምን አይከራከርም?

በሚኒባስ የምትመላለሱ ከሆነ ይህችን ነገር ሳትሰሟት አትቀሩም። ትራፊኩ እጁን ያነሳል፤ ሹፌሩ ዳር ይይዛል፤ ረዳቱ ወረቀት ሰብስቦ ይወርዳል። አምስት ደቂቃ ያልፋል። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ ይጮሃል፤ «ኧረ ፈርምና እንሂድ!»

እኔም ብዬዋለሁ። ገሱባ ተወልጄ ነው ያደግኩት። ለትምህርትም ለጉዳይም ሶዶ ስመላለስ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ብዬዋለሁ። ፀሐይ ነው፣ ሰው ተጨናንቋል፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ማንም ግድ የለውም፤ ብቻ ይፈርምና እንሂድ። የአክስቴ ልጅ እስኪታሰር ድረስ ነገሩ እንዲህ ቀላል ይመስለኝ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ሹፌር ነው። በረዳትነት ጀመረ፤ ከዚያ ባጃጅ፤ ከዚያ መንጃ ፈቃዱን አሳድጎ የሰው ሚኒባስ ያዘ። ማታ ማታ ለባለመኪናው ሒሳብ ያስገባል፤ የተረፈው የእሱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት ጊዜ እንደተቀጣ አያውቀውም። ስንት ጊዜ እንደተከራከረ ግን ያውቃል። አንድም ጊዜ።

በመጀመሪያ ትንሿን ነገር እንይ፤ የቅጣት ወረቀቷን። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ሥራ ስላላገኘሁበት እዚህ ልጠቀምበት። ቅጣቱ 1,000 ብር ነው እንበል። ሹፌሩም ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነው እንበል። ልከራከር ካለ ሦስት ቀን ሥራ ይፈታል፤ አንዱን ቀን ለማመልከት፣ አንዱን ለቀጠሮ፣ አንዱን ደግሞ «ዛሬ አይታይም፣ ሰኞ ና» ለመባል። በቀን ለባለመኪናው የሚያስገባው 800፣ ለራሱ የሚያስቀረው 500 ብር ከሆነ ሦስቱ ቀን 3,900 ብር ይበላሉ። መቶ በመቶ ቢያሸንፍና 1,000 ብሩ ቢቀርለት እንኳ 2,900 ብር ከስሯል። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን መስመር ቁጥር አስገቡበትና ሞክሩት። ውጤቱ ብዙ አይለወጥም።

ስለዚህ ይፈርማል። ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን ሒሳብ ስለሚችል ነው።

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ወንጀልና ቅጣት አንድ ታዋቂ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር፤ በ1992 የኖቤል ሽልማት ካሸለሙት ሥራዎቹም አንዱ ነው። ሐሳቡን ባጭሩ ስናስቀምጠው፣ ሰው ደንብ ከመጣሱ በፊት የሚያገኘውን ጥቅም፣ የመያዝ ዕድሉንና የቅጣቱን መጠን ያመዛዝናል ነው። ትምህርት ቤት ስማረው ትክክል መሰለኝ። መናኸሪያ ውስጥ ሳየው ግን አንድ ነገር ጎደለው። አንድ ሹፌር እንዲህ አለኝ፤ «ትርፍ ባልጭንም አንድ ነገር ፈልገው ይቀጡኛል፤ ብጭንም ይቀጡኛል። ታዲያ ለምን አልጭንም?» ያጠፋውም ያላጠፋውም እኩል የሚከፍል ከሆነ ቅጣቱ ማንንም አያስፈራም፤ እንደ ኮቴ ክፍያ የመንገድ ወጪ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሹፌር መከራከር አለመቻሉ የሹፌሩ ችግር ብቻ ነው የምንል ሰዎች እዚህ ላይ ብናስብበት ጥሩ ነው፤ ትርፍ የሚጫነው እኛው ነንና።

ማልኮም ፊሊ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ደግሞ ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ የታችኛውን የወንጀል ፍርድ ቤት ሲያጠና ቆይቶ በ1979 መጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ሁሉን ይናገራል፤ ሂደቱ ነው ቅጣቱ ይላል። ለቀላል ክስ መመላለሱ ከፍርዱ ይበልጣል፤ ስለዚህ ተከሳሹ መብቱን ትቶ ቶሎ መገላገልን ይመርጣል። ኒው ሄቨንን አላውቃትም፤ ሰውየው ግን የእኛን መስመር ያየ ነው የሚመስለው።

እዚያው አሜሪካ ታዲያ የጭነት መኪና የሚነዱ አበሾች ብዙ ናቸው፤ የማታውቁ ካላችሁ የሠፈራችሁን ዲቪ የደረሰው ሰው ጠይቁ። እነሱ ጋ ነገሩ ተገልብጧል። በፌዴራሉ ደንብ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከባድ የሚባል ጥፋት ከተመዘገበበት 60 ቀን፣ ሦስት ከሆነ 120 ቀን ከመንዳት ይታገዳል። ከመጠን ያለፈ ፍጥነት ከእነዚህ ጥፋቶች አንዱ ነው። 60 ቀን አለመንዳት ማለት የቤት ኪራይ አለመክፈል ማለት ስለሆነ አንዲትም ወረቀት ስትመጣ ጠበቃ የሚይዝ ብዙ ነው፤ ሥራቸው ይኸው ብቻ የሆነ ጠበቆችም አሉ። እኛም አገር ጥፋት በሹፌሩ ስም ይመዘገባል፤ ሪከርድ እየተጠራቀመ መንጃ ፈቃድ እስከማሳገድ ይደርሳል። ልዩነቱ፣ እኛ ጋ ወረቀቷን የሚያነባት የለም።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ።

በ2014 ዓ.ም. አንድ አመሻሽ ላይ ነው። የወረዳውን ስም ልተወው። መብራት የሌለው ሞተር ከጎን መንገድ ድንገት ወጣ። ሞተሩ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ነጂው እጁ ተሰበረ፤ ከኋላው የነበረው ጭንቅላቱ ተመታ። የአክስቴ ልጅ አልሸሸም። ሰው ተሰብስቦ ይደበድበኛል ብሎ መፍራቱን ግን አልደበቀኝም። ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ሁለቱን ቁስለኞች በዚያው ሚኒባስ ጭኖ ሆስፒታል አደረሰ፤ ከዚያ ራሱ ሄዶ ፖሊስ ጣቢያ እጁን ሰጠ። ልክ ነው ያደረገው። ጉዳት አድርሶ የተጎዳውን ሳይረዱ መሄድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ነገር ግን ሰው ለማዳን መኪናውን ሲያንቀሳቅስ የአደጋው ቦታ እንደነበረ የመቆየቱ ነገር አበቃለት። ማን የት እንደነበር፣ የፍሬኑ ምልክት ከየት እንደጀመረ የሚያሳየው ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ በማለዳ በሚነሳው የአደጋ ፕላንና በሰው ቃል ላይ ወደቀ።

ያን ሌሊት ቃሉን ሰጠ። ደክሞታል፤ ሸሚዙ ላይ የሰው ደም አለ። የሚጠየቀው በአማርኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲጨንቀው የሚቀናው ወላይታቶ ነው። «ቸኩዬ ነበር» አለ፤ መሽቶበት ስለነበር። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ እያሽከረከርኩ ነበር» የሚል ነው። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። መርማሪም ይደክመዋል፤ «ቸኩዬ ነበር» ማለት ለእሱ ያው ነው። ፈርም ሲባል ፈረመ። ለምን ሳታነበው ብዬ ስጠይቀው፤ «ሁልጊዜ ስፈርም አይደል የኖርኩት?» አለኝ።

ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ምን እንዳደረገች ለማየት ሕጉን ትንሽ መክፈት ያስፈልጋል፤ ታገሱኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ነው ያስቀመጠው። ማንኛውም ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም መቀጮ። የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት፣ ሕጉ ራሱ እንደ ሐኪምና እንደ ሹፌር ብሎ የጠቀሰው ዓይነት ሰው ሲሆን፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ። ሦስተኛው ደረጃ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም አጥፊው በመጠጥ ወይም በዕፅ ራሱን ካሳተ፣ ወይም ግልጽ የሆነን ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሁለተኛው የሚያበቃበት ቦታ ላይ ሦስተኛው ይጀምራል ማለት ነው። እና «ከተፈቀደው በላይ እያሽከረከርኩ ነበር» የሚለው ቃል ደንብ ሆን ብሎ ለመጣስ ከተከሳሹ ከራሱ አፍ የወጣ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ዋስትናውም በዚያው ተያያዘ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 መሠረት የተያዘ ሰው በዋስ ሊለቀቅ የሚችለው ወንጀሉ ሞት ወይም አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆን፣ እንዲሁም የተጎዳው ሰው የመሞት ሥጋት ከሌለው ነው። የተጎዳው ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አክስቴ በነዚያ ቀናት ትጸልይ የነበረው ለልጇ ሳይሆን ስሙን እንኳ ለማታውቀው ለዚያ ሰው ነበር። በአራተኛው ቀን ሞተ። የሦስት ልጆች አባት ነበር። ክሱ በንዑስ አንቀጽ 3 ሲመሠረት ደግሞ ጣሪያው አሥራ አምስት ዓመት ሆነ፤ የአክስቴ ልጅ በዋስ አልወጣም።

እኛስ ምን እየሠራን ነበር? ቁርስ እናመላልሳለን፤ ሽማግሌ እንልካለን። «ሦስተኛ ወገን አለው፣ ችግር የለም» ይሉናል ሰዎች፤ እኛም አመንን። ሦስተኛ ወገን የመድን ዋስትና ለተጎጂው የሚከፍል ነው፤ ማንንም ከወህኒ አያወጣም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ስለሆነ፣ የገንዘቡን ጣጣ የሚከታተል ሰው በባለመኪናው በኩል ወዲያው መጣ። መኪናውም በሦስተኛው ሳምንት ከጣቢያ ግቢ ወጣ። ሹፌሩ እዚያው ነው። ባለመኪናውን አልወቅስም፤ ንብረቱን አስከበረ። እኛ ነን የመጣው ሰው ለሹፌሩም የመጣ የመሰለን። አንድ መኪና ላይ ቢቀመጡም የባለመኪናውና የሹፌሩ ጥቅም ከአደጋው ደቂቃ ጀምሮ ይለያያል፤ ይህን የነገረን አልነበረም።

ጠበቃ ያገኘነው ክሱ ከተመሠረተ በኋላ ነው። አክስቴ በሬ ሸጠች። ጠበቃው መዝገቡን አንብበው መጀመሪያ የጠየቁን፤ «ቃሉን ሲሰጥ የት ነበራችሁ?» ብለው ነው። ቤት ነበርን። «ያኔ ብትመጡ በግማሽ ዋጋ እሠራላችሁ ነበር» አሉ፤ እየሳቁም እየተቆጡም።

ከሳቸው የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችሁ ወንድም፣ አባት ወይም ጎረቤት ሹፌር አላችሁ፤ ስልክም አላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚናገረው ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል። ዝም ማለት ጥፋተኛነት አይደለም። ስሜ እገሌ ነው፣ መንጃ ፈቃዴ ይኸው፣ ቃሌን ጠበቃ ካማከርኩ በኋላ እሰጣለሁ ማለት ይቻላል። እሰጣለሁ ካለም የተጻፈው ይነበብልኝ፣ ይህን አላልኩም፣ ይስተካከል ማለት መብቱ ነው። ሹፌር ለትራፊክና ለፖሊስ በተለይ አክብሮት አሳያለሁ ብሎ ይፈርማል። በአክብሮትም «አንድ ጊዜ ላንብበው» ይባላል እኮ።

አንቀጽ 20 ደግሞ ለተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት፣ ምስክር የመጠየቅ፣ የራሱን መከላከያ የማቅረብ፣ ቋንቋው ካልገባው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም በመንግሥት ወጪ የማግኘት መብት ይሰጣል። ተከላካይ ጠበቆች አሉ፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ይህን ሁሉ እኛ ያወቅነው በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው። እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ታዲያ ከሱ በፊት የት ነበርኩ?

ፍርድ ቤት የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ ብዙ ሹፌር «አዎ፣ ገጭቻለሁ» ይላል፤ ሐቀኛ መሆኑ ነው። ክሱን ሙሉ በሙሉ ካመነ ግን ፍርድ ቤቱ ያለ ተጨማሪ ምስክር ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። የአክስቴ ልጅ ያለው፤ «አደጋው ደርሷል፤ ሰው በመሞቱ አዝናለሁ፤ ደንብ ሆን ብዬ ግን አልጣስኩም» ነው። ሁለቱ መልሶች መሐል ያለው ርቀት ዓመታት ናቸው። ከዚያ ፕላኑን ያነሳው ባለሙያ ሲመሰክር ጠበቃው አንዲት ጥያቄ ጠየቁ፤ «ፍጥነቱን በምን ለካችሁት?» መልሱ፣ ተከሳሹ ራሱ ቃሉን ስለሰጠ የሚል ነበር። ሌላ መለኪያ አልነበረም።

መከላከያ ምስክር ሆና የቀረበችው ያን ቀን ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጠች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መኪናው ቁስለኞቹን ይዞ ከመነሳቱ በፊት በተሰነጠቀ ስክሪን ሁለት ፎቶ አንስታለች። ለምን እንዳነሳች ራሷም አታውቅም፤ «ሁሉም ሲያነሳ አነሳሁ» አለች። አንደኛው ፎቶ የወደቀው ሰው ስለሚታይበት ለማየት ይከብዳል። ሁለተኛው ግን አጭር የፍሬን ምልክትና ከቀኝ መስመሩ ያልወጣ ጎማ ያሳያል። እባካችሁ አደጋ ስታዩ መጀመሪያ ሰው አንሱ፤ እጅ ከተረፈ ግን የቆሰለውን ሳይሆን መንገዱን አንሱት፤ ጎማውን፣ ምልክቱን፣ መብራቱን። ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት፤ ደብቃችሁ አስቀምጡትና ለሚጠይቃችሁ አካል ስጡት።

ፍርድ ቤቱ ክሱን ወደ ንዑስ አንቀጽ 2 ለውጦ ጥፋተኛ አለው። በአመሻሽ፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ ላይ ሊያደርግ የሚገባውን ያህል ጥንቃቄ አላደረገም ተባለ። እኔም ከልቤ ስጠየቅ፣ ትክክል ነው እላለሁ። ቸኩሎ ነበር። ቁስለኞቹን ራሱ ማድረሱ፣ እጁን መስጠቱ፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር በሽማግሌ መታረቁና የአቅሙን መካሱ በቅጣት ማቅለያነት ተያዘለት፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጸጸትንና ጉዳትን መካስን ይቆጥራል። ዕርቁ ክሱን አላቆመውም፤ ብዙ ሰው ያቆመዋል ብሎ ያስባል። አንድ ዓመት ከስምንት ወር ተፈረደበት። ሦስት ልጆች ያለ አባት ቀርተዋልና ድል ብዬ አልጠራውም። ግን ባደረገው ነው የተቀጣው፤ ሌሊት በተጻፈች ቃል አይደለም።

ሹፌርን መከላከል ገዳይ ማስመለጥ ነው የሚል ሰው አውቃለሁ፤ ቁጣው ይገባኛል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ሲዳማ ክልል ቦና ላይ ሠርገኛ የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰው ሞቷል። ዕቃ መጫኛ ላይ ሰው ይጫን የነበረው ያን ቀን ብቻ አይደለም፤ በጊፋታ ሰሞን እኛም ያገኘነው ላይ እየተንጠላጠልን ነው አገር ቤት የምንገባው። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ግን ጥፋቱ የፍጥነት ነው፣ የፍሬን ነው፣ የመንገዱ ነው፣ ወይስ ጫን ብሎ ያዘዘው ሰው ነው የሚለው የሚጠራው ክርክር ሲኖር ነው። ሹፌሩ ሌሊት ላይ ሁሉንም አምኖ ከፈረመ መዝገቡ ይዘጋል፤ ያዘዘው ሰው በማግስቱ ሌላ ሹፌር ይቀጥራል።

የአክስቴ ልጅ ተፈትቶ እንደገና እየነዳ ነው። ብዙ ነገሩ አልተለወጠም፤ ያው ሒሳብ ያስገባል፤ ያው ቁርጥ በዳጣ ሲያገኝ ጭንቀቱን ይረሳል። ሲመሽ ግን ቀስ ይላል፤ ተሳፋሪ ይሰድበዋል። ባለፈው ሰሞን አብሬው ሆኜ መንገድ ላይ ትራፊክ አስቆመን። ትርፍ ጭነሃል ተባለ። እውነት ነው፤ አንድ ሰው ትርፍ ነበር። ወረቀቱ ሲሰጠው መነጽር የሌለው ሰው እንደሚያነበው አርቆ ይዞ ማንበብ ጀመረ። ሁለት ትርፍ ይላል። «ወንድሜ፣ አንድ ነው፤ ቁጠራቸው» አለው በዝግታ። ትራፊኩ አየው፤ ተሳፋሪውን አየ፤ ቆጠረ፤ አስተካከለው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከኋላ አንዲት እናት ዶሮ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ፈርምና እንሂድ እንጂ!»

«እሺ እማማ፣ እያነበብኩ ነው።»